ነጠላሽ የታቀፈው ጠርሙስ

ይድረስ ለአትጠገብ፣ ለየሺ እናት።

በምድር ላለ ሰው ሲጻፍ እንደምን ሰነበትሽ ይባላል። አንቺን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። እኔ እንደሆንሁ፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር፣ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በወጉ አውጥተናል፤ ካህናቱም ጎረቤቱም መርቀውን ነው የሄዱት።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የሺ በስልኬ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኋት። በባልና በሚስት መካከል ልጅ አይገባም። መሠረተ ትምህርት በመጣ ጊዜ አንቺ በሦስት ወር የጨረስሽውን ፊደል እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቼበታለሁ። ለዛሬ ካልሆነኝ ለመቼ ላቆየው ነው? መስመሩ ቢጋደል አንቺ አቃንተሽ ታነቢዋለሽ።

ነገሬ አንድ ነው። ባረፍሽበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ የሺ ጠበል ልታመጣ ሄዳ እኔና አንቺ ብቻችንን ሳለን፣ ዐይንሽን ሳትገልጪ «አንተዬ፣ እጅህን ዘርጋ» አልሽ። እኔ አልዘረጋሁም። አንቱ ብለሽ ያገባሽኝ፣ አንቱ ብለሽ የወለድሽልኝ ሴት ነሽ። ስንጣላ እንኳ «አያ መርሻ፣ እርስዎ ደግሞ አበዙት» ነበር የምትይኝ። በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አንተ ብለሽኝ አታውቂም። ስለዚህ የጠራሽው እኔን እንዳልሆነ ወዲያው ቆረጥሁ። ጎልማሳ ወንድ አንተ ስትይ የሰማሁሽ አንድ ጊዜ ነው፤ ያንኑ ሰው እጅህን ዘርጋ ስትይውም በዐይኔ አይቻለሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ጌሾሽ ሥር ቆሜ ቅጠሉን ስበጥስ ቆየሁ። ስመለስ አንቺ የለሽም።

ያን ቀን የማንን እጅ እንደፈለግሽ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም። ዓመት ከሁለት ወር እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። አረቄ ማውጫሽን አላፈረስሁትም። ጋኑ እንደተደፋ፣ ሸምበቆው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ከሰፈሩ ሴቶች ሁለቱ ሽጥልን ሊሉኝ መጥተው ነበር። አንዷማ ከእትዬ አትጠገብ እጅ የወጣ ዕቃ በረከት አለው ብላ ብዙ ለመነችኝ። በረከቱ አፍንጫዋ ላይ ነበር እንጂ ሸክላው ላይ አይደለም ብዬ ሸኘኋት። እንግዳም እንደገና ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ የሺ የምትሠራበት ሆቴል ደርቆ ከርሞ አሁን መብራት ይታይበታል።

ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ የሺ ልብስሽን ለነዳያን ልትሰጥ ሳጥንሽን ከፈተችው። ከላይ ቀሚስ፣ ከሥር ቀሚስ። ከሁሉ በታች ያቺ የጥምቀት ነጠላሽ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ያችን ነጠላ ታውቂያታለሽ። ዝናብ ይነካታል ብለሽ ለእኅቴ ሠርግ እንኳ የሰሰትሻት ናት። የሺ ስትፈታት ከውስጧ ካርቶን ወጣ፤ ከካርቶኑ ውስጥ ጠርሙስ። ጽሕፈቱ የጃፓን ነው። አንድ ቀን ብቻ ያየሁት ጠርሙስ ነው፤ ዳሩ ግን ባየሁት ቅጽበት ለየሁት። እኔ በላስታ ብርድ በጋቢ ስጠቀለል፣ የሰውዬው ጠርሙስ በጥምቀት ነጠላሽ ተጠቅልሎ ነበር የሚያድረው።

ኬንጂን ነው የምልሽ። ሚሊኒየሙ ያለፈ ዓመት የመጣውን። ዕድሜውን ሙሉ በአገሩ ውስኪ ሲያወጣ ኖሮ፣ የሚሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ዓለምን ልዙር ብሎ የተነሣ ሽበታም ሰው ነው ብሎ ይዞት የመጣው አስጎብኚ ነገረን። ሌላው ቱሪስት ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ይወርዳል፤ ይኼ ደግሞ የድፍድፍሽን ሽታ ተከትሎ ወደ እኛ ደጅ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ እሳትሽ ዳር ተቀመጠ፤ ያውም በእኔ በርጩማ። አንቺ ጋኑን በጭቃ ስትመርጊ ያያል። ሸምበቆውን ስትሰኪ ያያል። ማቀዝቀዣው ውኃ ሲሞቅ ከአንቺ እኩል ያውቅና ወደ እኔ ይዞራል፤ አንቺም ወደ እኔ ትዞሪያለሽ፤ እኔ ውኃ ልቀይር እነሣለሁ። እንጨት ፈላጩ እኔ፣ ውኃ ቀያሪው እኔ።

ከሸምበቆው መጀመሪያ የሚወርደውን፣ ያንን ዐይን የሚያጠፋውን፣ ስትደፊው እሱ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ለካ እነሱም ይደፉታል። ከዚያ ጥሩው መውረድ ሲጀምር «አንተ፣ እጅህን ዘርጋ» አልሽው። ቋንቋሽን ሳያውቅ ዘረጋ። መዳፉ ላይ ጠብ አደረግሽለት፤ መዳፍሽ ላይም ጠብ አደረግሽ። ሁለታችሁም እጃችሁን አሻሽታችሁ፣ እኩል ወደ አፍንጫችሁ ወሰዳችሁ፣ እኩል ሳቃችሁ። በዚያ ሳቅ መካከል አስተርጓሚ አልነበረም። እኔ መጥረቢያዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ስንት ዓመት እንጨት ስፈልጥልሽ ኖሬ አንድ ቀን መዳፍህን አምጣ ያላልሽኝ፣ እኔ አፍንጫ የለኝም? በማግሥቱ ደግሞ ኬንጂ ማለት ቀረና ኬንዬ ሆነ። መርሽዬ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?

ይህን ሁሉ ያኔ አልተናገርሁም። የተናገርሁት በሦስተኛው ቀን፣ ጠርሙሱን በካርቶኑ ይዞ የመጣ ዕለት ነው። አስጎብኚው በካርቶኑ ጀርባ በእጅ የተጻፈ ነገር እያነበበ ሲነግርሽ ከሩቅ አየሁ። አንቺ እየሰማሽው ዞረሽ እኔን አየሽኝ። አፍራ ነው ብዬ ተረጎምሁት። ሰውዬው ከወጣ በኋላ መጥረቢያዬን ጥዬ ገባሁና ማልሁ። ከዚህ ሰው እጅ የመጣ መጠጥ በዚህ ቤት በአንድ ሰው አፍ ቢገባ ቅዱስ ላሊበላ ይፍረድብኝ አልሁ። አንቺ መሐላ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። «እሺ፣ አያ» ብለሽ ወደ እሳትሽ ዞርሽ። ጠርሙሱን መልሰሽለታል ብዬ ነበር የኖርሁት።

ከዓመታት በኋላ አስጎብኚው መጥቶ አንድ ነገር ሹክ አለሽ፤ ሳምንት ሙሉ ጥቁር ሻሽ አሰርሽ። ለማን ነው ስልሽ ለሰው ነው አልሽኝ። በጦርነቱ ጊዜም እህሉን ስንቀብር፣ እርስዎ እስቲ ደጁን ይጠብቁ ብለሽ ራስሽ ከጌሾው ሥር ጉድጓድ ቆፈርሽ። የብር መስቀልሽን የምትቀብሪ መስሎኝ ደጅ ደጁን ስጠብቅ ዋልሁ። የሺ ነጠላዋን ስትፈታት የጠርሙሱን ወረቀት ጥግ አፈር አልብሶት አየሁ። የጌሾው ሥር አፈር ነው፣ ቀዩ። ለካ ቆሜ የጠበቅሁት እሱን ኖሯል።

የሺ ጠርሙሱን ፎቶ አንሥታ ለአንድ የሆቴሉ እንግዳ ብታሳየው ሰውዬው መብላቱን ተወ አሉ። ያ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ የእሱ ውስኪ ከእንግዲህ አይወጣም፤ ያለውም አንድ በተከፈተ ቁጥር የቀረው ይወደዳል። ሀብታሞች በጨረታ ይሻሙበታል፤ ገዝተውም አይጠጡትም፣ በመስታወት ቁም ሳጥን አስቀምጠው ያዩታል። ይህን የሺ ስትነግረኝ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ጨረታ አሰብሁት። ስለት የገባ ጥላ ግቢው ውስጥ ሲጫረቱበት፣ ገበያ ላይ በትንሽ ብር የሚገኘው ጥላ ስንት እጥፍ ያወጣ የለም? ሰው የሚጫረተው ጥላውን አይደለም። ግን በጥላው ጨረታ የተሸነፈው ሰው ቢያንስ በረከቱ ቀረብኝ ብሎ ይናደዳል። እነዚያ ጠርሙሱ ቢያመልጣቸው ምን ይቀርባቸዋል?

ይሸጥ አልሁ። የሺ የእማ ዕቃ ነው ብላ አኮረፈች። ምክንያቴን አልነገርኋትም፤ ለአንቺ እነግርሻለሁ። ገንዘቡን አልፈለግሁትም። ሰውዬው ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ነው። አገር ለአገር ይዙር፣ የማያውቁት ሰዎች እጃቸውን እያወጡ እንደ ገበያ ከብት ይጫረቱበት፣ በማያውቀው ቤት በመስታወት ይታሰር። ደስ ይለኝ ነበር።

የሺ በስልክ ያገኘችው፣ አዲስ አበባ የሚኖር ጠርሙስ ሰብሳቢ አይቼ ልገምት ብሎ በአውሮፕላን ሊመጣ ቀን ቆረጠ። በዋዜማው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አወጣሁት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ጎድሏል። ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ደርሷል። ማሸጊያው አልተነካም፣ ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ተንፍሶ ኖሯል።

አትጠገብ፣ አንቺ ባለሽበት ቤት ጎዶሎ ዕቃ ከደጅ ወጥቶ ያውቃል? ድሀ እንኳ ሲገዛሽ እስከ አፉ ሞልተሽ፣ ይኼ ደግሞ የምርቃቱ ብለሽ ጠብ አድርገሽ ነበር የምትሰጪው። ጎዶሎ የሰጠ ቤቱ ይጎድላል ትይ ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ አዲስ አበቤ ሲያየው መርሻ በድብቅ ቀምሷል ይላል። መሐላ ያለብኝ እኔ ነኝ ቀማሽ? ከአልጋው ሥር ታሽጎ የተቀመጠውን፣ ሁለት ጊዜ የወጣውን ዳግም አረቄሽን አወጣሁ፤ ሳትታመሚ በፊት መጨረሻ ያወጣሽውን። የጠርሙሱን ማሸጊያ በካራ ቀስ አድርጌ ፈታሁ። ሽታው እንዳይደርሰኝ ፊቴን አዙሬ፣ እንዳንቺ እስከ አፉ ሞላሁት። ቀለሙ ትንሽ ሣሣ። በሰም አሸግሁት፣ አንቺ እንደምታሽጊው። ሥራዬን አይቼ ኮራሁ።

ሰብሳቢው መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ አባባ ይለኛል። ነጭ ጓንት አጠለቀ። ትንሽ መብራትና ማጉያ መስታወት አወጣ። ካርቶኑን ገለባበጠ፣ የወረቀቱን ጥግ አፈር አየና ጥርሱን ነከሰ፣ የጽሕፈቱን ቀለም አየና ፈገግ አለ። ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው ዙሪያውን ሲያየው ልነጥቀው ቃጣኝ። ይውጣልኝ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲነካው ደግሞ የሚያንገበግበኝ እኔው ነኝ። አንቺ ከሥር ቀሚስሽ በታች ያኖርሽውን ዕቃ በጓንትም ቢሆን ምን አገባው?

ከዚያ መብራቱን ወደ አንገቱ አመጣ። ቆመ። የሺ የላከችለትን ፎቶ በስልኩ አወጣና ከጠርሙሱ ጎን አስጠጋው። ሰሙን በጣቱ ነካው።

«አባባ፣ ይኼን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ሞላሁት እንጂ አልቀመስሁም፤ ቅዱስ ላሊበላ ምስክሬ ነው።»

«በምን ሞሉት?»

«በሚስቴ ዳግም። ካገሩ አረቄ ሁሉ የሚበልጥ ነው፣ አያሳፍርህም።»

ሰውዬው በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ጓንቱን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አወለቀ። የሺ አፏን በሻሽዋ ይዛለች፤ ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም። ሰብሳቢው ጓንቱን ኪሱ ከትቶ «ጎድሎም ቢሆን የራሱ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር» አለኝ። የተከፈተ ጠርሙስ፣ ያውም ሌላ መጠጥ የገባበት፣ የትም ጨረታ አይገባም። ባለሙያ ያልሁት ሰው ባለሙያነቴን አላወቀልኝም። እኔን ግን የያዘችኝ ሌላዋ ቃል ናት። የራሱ ብቻ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ለዓመታት ሳለያያችሁ የኖርሁትን አንቺንና እሱን፣ በገዛ እጄ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቼ በሰም አተምሁባችሁ። እንዲህ ያለ ሚዜ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰብሳቢው ለማጽናናት ያህል ካርቶኑ ብቻውን ፈላጊ አያጣም፣ ጀርባው ላይ የእጅ ጽሕፈት አለ አለ። የሺ ምን እንደሚል ታነብልናለህ አለችው። እሱም የጃፓን ቋንቋ አያውቅም፤ ስልኩን ጽሕፈቱ ላይ ደቀነበት፣ ስልኩ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፣ እሱ ወደ እኛ ገለበጠው። ልቡ ስለተሰበረ የዕቃ ዝርዝር እንደሚጠራ ሰው ነበር ያነበበው።

«ለአትጠገብ፣ እንጨት ሲፈልጥ ለሚውለው ባሏም። ይኼን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ከእኔ ጋር እንደማይጠጣ ዐይኑ ነግሮኛል። እኔ ከሄድሁ በኋላ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጊለት። ኬንጂ።»

ይኸው ነው። ሌላ የለውም። የሺ እንዲደግመው ለመነችው፤ ደገመው። እኔ ወጥቼ ጌሾው ሥር ቆምሁ።

አስጎብኚው ሲያነብልሽ ዞረሽ ያየሽኝ ለካ ስለዚህ ነበር። አላፈርሽም። ልትጠሪኝ ነበር። እኔ ደግሞ አፍሽን ሳትከፍቺ በመሐላ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ምን ታደርጊው? ብትከፍቺው መሐላዬን ትሰብሪያለሽ፤ ብትደፊው የሰው አደራ ነው፤ የእኔ ድርሻም አለበት። ስለዚህ አያ መርሻ አንድ ቀን ይበርድላቸው ይሆናል ብለሽ በጥምቀት ነጠላሽ ጠቅልለሽ አስቀመጥሽው። እኔ አልበረደልኝም። ጠርሙሱ ከእኔ በፊት ጎደለ።

ታዲያ ባረፍሽበት ቀን እጅህን ዘርጋ ያልሽው እኔን ነበር። አሁን እንዲህ ብዬ ቆርጫለሁ። አንተዬ ማለትሽ ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብሁ። ሞት ደጅ ሲቆም አንቱታ ምን ያደርጋል? ወይም ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ልትይኝ ፈልገሽ፣ ከኩራቴ የተነሣ መግቢያ አጥተሽ ይሆናል። ሰውዬው ግን በአንድ ቀን አገኘው። ይኼ ይቆረቁረኛል። አልዋሽሽም፣ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ባለፈው ሳምንት ገነተ ማርያም ድረስ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሙሉውን ሰምተው ሲጨርሱ በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና «አሁን የምትቀናው በሞተችው ነው በሞተው?» አሉኝ። በሁለቱም አልኋቸው። መሐላውን ፈቱልኝ፤ ስግደቱንም ጉልበቴን አይተው በጾም ለወጡልኝ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ አንቺ ባረፍሽባት ሰዓት፣ አረቄ ማውጫሽ ዘንድ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ሰሙን ፈታሁ። ግራ እጄን ዘርግቼ አንድ ጠብ አደረግሁበት፤ በወጉ አሻሽሁት፤ ወደ አፍንጫዬ ወሰድሁት። መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው። ዝናብ የነካው የጥድ እንጨት ሲጨስ የሚሸተው ዓይነት፣ ከዚያም የቆየ ሳጥን ውስጥ ያለ ዓይነት። መጥፎ አይደለም፤ ባለሙያ ነበር፣ ይህን አልክድም። ትንሽ ቆይቶ ከሥሩ ጌሾሽ መጣ። ከዚያ የድፍድፍሽ ሙቀት፣ ከዚያ ከሥራ ስትወጪ የፀጉርሽ ሽታ። እናንተን ለመለየት ብዙ ሞከርሁ፤ አልለይ አላችሁ። ቀናሁና እጄን ዝቅ አደረግሁ። ናፈቅሽኝና መልሼ አነሣሁ። እንዲህ ሳደርግ ሽታው ከመዳፌ አለቀ።

ጠርሙሱን በነጠላሽ ጠቅልዬ ወደ ሳጥንሽ መልሼዋለሁ። ነጠላዋን ለነዳያን እንዳትሰጥ የሺን ነግሬአታለሁ። በየዓመቱ በዕለትሽ፣ በሰዓትሽ፣ እጄን እዘረጋለሁ፤ አንድ ጠብ ብቻ። እኔ ካለፍሁ የሺ ትዘረጋለች። ሲጎድል ይጉደል። ከእንግዲህ ማንም እንዳይሞላው አዝዣለሁ።

ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይኸው ግን እጄ።

አንተም ብትይኝ አንቱ፣ ባልሽ መርሻ።